ከስልኬ ማንንም አላስወጣም

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንግባባ። ስልኬ ውስጥ ስንት አፕ እንዳለ የኔና የስልኬ ጉዳይ ነው። «ያ ሰውዬ በገዛ እጁ ስልኩን ገድሎ የእህቱን ልጅ ትዳር ሊያፈርስ ነበር» እያላችሁ በሰርጉም በለቅሶውም ስታወሩ እንደከረማችሁ ሰምቻለሁ። ጎንደር ላይ ወሬ አይደበቅም፤ ፒያሳ ያስነጠስክ እንደሆነ አዘዞ ላይ «ይማርህ» ይሉሃል። ስለዚህ ከሌላ ከምትሰሙት ከባለቤቱ ስሙት። ሰምታችሁ ፍረዱ። ከፈረዳችሁም በኋላ እኔ ሐሳቤን አልቀይርም፤ ይኼንን ከወዲሁ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

እኔ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። አባቴም ጨርቅ ነጋዴ ነበር፣ የአባቴም አባት። እንዲህ ካለ ቤት የወጣ ሰው ስልክ ሲገዛ ዝም ብሎ አይገዛም። ስክሪኑ ሰፊ የሆነውን፣ በጣት የሚነካካውን ስልክ ልገዛ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተመላለስኩ። ዳሰስኩት፣ ወደ ብርሃን አውጥቼ አየሁት፣ ጠርዙን በጥፍሬ ቧጠጥኩት። ሻጩን «ሲታጠብ ይለቃል ወይ?» ብዬ ልጠይቀው ለጥቂት ነው የቀረኝ። በመጨረሻ ገዛሁት።

ቤት ሲገባ ባዶ ነበር። ከዚያ ዘመድ መጣ።

መጀመሪያ የእህቴ ልጅ ጀማል መጣ። ጀማል ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ፣ ሰው ሁሉ በሽተኛ የሚመስለው ልጅ ነው። «አጎቴ፣ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠህ እየዋልክ ስኳር ሊይዝህ ነው» አለና እርምጃ የሚቆጥር አፕ ጫነልኝ። ሚስቴ ራሕመት ልብስ አጥባ የምታሰጣበትን ቀን ለማወቅ የአየር ጠባይ የሚናገር አስጫነች። ልጄ ፊት የሚያሳምር ካሜራ ጫነችበት፤ በሱ ሲያነሱኝ ሟች እናቴን እመስላለሁ። የጎረቤት ሱቅ ባለቤት የኳስ ውጤት የሚያመጣ ጫነልኝ፤ እኔ ኳስ አላይም፣ እሱ ግን ውጤቱን የሚያየው በኔ ስልክ ነው። አንድ የሰፈራችን ደግ አዛውንት ደግሞ የሶላት ሰዓት የሚያሳውቅ አስገቡልኝ። አላህ ይስጣቸው፤ ብቻ ከተማ መምረጡን ረስተውት ስልኬ እኔን ጃካርታ የምኖር አድርጎ ነው የሚያስበኝ። ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ ገና ሱቅ ስከፍት፣ ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሶላት፣ ይጣራል። ላስተካክለው ሞክሬ ነበር። «ጃካርታ» የሚለውን ስነካው «ሱራባያ» የሚባል ሌላ ሩቅ ከተማ አመጣብኝ፤ ብሶብኝ ተውኩት።

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባል የለ? አንዱ አፕ ሲገባ ሦስት ጓደኞቹን አስከትሎ ይገባል። ሳላውቀው አርባ አራት ደረሱ።

«ታዲያ አታጠፋቸውም?» ትሉኝ ይሆናል። እንዴት አድርጌ? እያንዳንዱ ባለቤት አለው። የጎረቤቴ በቀን ሦስቴ እየመጣ «እስቲ ስልክህን» ይላል። ጀማል በየሳምንቱ እርምጃዬን ይመረምራል። አዛውንቱ ከጁምዓ መልስ እጄን ጨብጠው «ያቺ ነገር ትሠራለች?» ይላሉ። «አጠፋኋት» ልላቸው ነው? ሰው ወዶ ያመጣልህን ነገር ከደጅህ አትወረውርም። እኛ ቤት እንግዳ ራሱ «ልሂድ» እስኪል ድረስ ይቀመጣል፤ ሲሄድም «ምነው በዚህ ፀሐይ!» ይባላል። አባቴ ያስተማረኝ ይኼንን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

ጀማል ልጅ ወደደ። ልጅቱ ዘሐራ ትባላለች፤ የሳንጃ ልጅ፣ ነርስ። የደም ናሙና ይዛ ወደ ጎንደር ስትመላለስ ላብራቶሪው ደጃፍ ላይ ተዋወቁ። የበሽተኞቹ ደም ደህና ሆኖ ተገኘ፤ የታመመው ጀማል ነው። እህቴ እትዬ ከድጃ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ይኼንን አንድ ልጇን ይዛ የኖረች ሴት ናት። እቤቴ መጣችና «አባት የለውም፤ አባቱ አንተ ነህ። ሄደህ ጠይቅልኝ» አለችኝ። ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች ጨምሬ ወደ ሳንጃ ወረድን።

የልጅቱ አባት አያ ሰይድ ይባላሉ። ከሳንጃ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ መንደር ውስጥ የሚኖሩ፣ ሰሊጥ የሚያመርቱ፣ ንግግራቸው የተቆጠረ ሰው ናቸው። በሸጋ አቀባበል ተቀበሉን፣ አበሉን፣ አጠጡን። ከዚያ ወጉ እንደሚያዘው፣ «ከዘመድ ልምከርበት። የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ኑና መልሱን ስሙ» አሉ። ነገሩ ሁሉ በደንቡ እየሄደ ነበር።

እዚህ ላይ ነው አፌን የከፈትኩት።

«ኧረ ምን ያመላልሰናል አያ ሰይድ!» አልኩ። ስልኬን ከኪሴ አወጣሁና ስክሪኑን አበራሁት። «ዘመኑ ሠልጥኗል! ይደውሉልኝና መልሱን በዚህ ይንገሩኝ። እዚህ ውስጥ የሌለ ነገር የለም!»

አብረውኝ የነበሩት ሁለቱ ሽማግሌዎች መሬት መሬት አዩ። አያ ሰይድ ስልኬን ዝም ብለው አዩት። እኔ አድንቀው ነው ብዬ፣ ወላሂ፣ ጭራሽ ፎቶ ላነሳቸው ነበር።

«ይሁን» አሉ ቆይተው። «እዚህ ቤት ኔትወርክ የለም። እሑድ ከዙሁር በኋላ ጉብታው ላይ ወጥቼ እደውላለሁ። ሌላም ደጅ የሚጠና አለ፤ ካላነሳችሁት ትታችሁታል ብዬ ነው የምይዘው።»

«እንደ ወንድ አነሳዋለሁ!» አልኩ።

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ሽማግሌዎቹ አላናገሩኝም። እኔ ሙቀቱ ነው ብዬ ነበር።

እንግዲህ ስልኬን በሽታ የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። ጠዋት ባትሪው መቶ ሆኖ ይወጣል፤ ለምሳ ሃያ ይሆናል። ኪሴ ውስጥ ሆኖ ይግላል፤ ጭኔ ላይ ትኩስ ዳቦ ያስቀመጥኩ ነው የሚመስለው። ሰው ሲደውል ስሙ እስኪመጣ ጥሪው ያልቃል። አንዱን ስነካ ሌላው ይከፈታል። «ሜሞሪ ሞልቷል» የሚል ጽሑፍ ሲያወጣብኝ ታዲያ ዝም አላልኩም፤ ትልቁን ሜሞሪ ካርድ ገዝቼ ሰካሁበት። ምንም አልተሻለውም። «ስልክ ያፋጥናል» የተባለ ማጽጃ አፕ ጫንኩ። ሲዘገይብኝ ሁለተኛ ማጽጃ ጨመርኩ። ሦስተኛውን የጨመርኩት ሁለቱን እንዲያጸዳልኝ ነው፤ በሱ አርባ ሰባት ሞሉ። ከዚያ በተረፈ ሱቅ ቁጭ ብዬ የተከፈተውን ሁሉ በጣቴ ወደ ላይ እየጠረግሁ ሳስወጣ እውላለሁ፤ ደንበኛ ክር ሲጠይቀኝ እንኳ ጣቴ አያርፍም ነበር። ስልኩ ግን ባሰበት።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ወደ ሀብታሙ ሄድኩ። ሀብታሙ ፒያሳ አጠገብ ስልክ የሚጠግን፣ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉሊያ መነጽር የሚሰካ ጎልማሳ ነው። ስልኬን ተቀብሎ ነካ ነካ አደረገና ማጉሊያውን አወለቀ።

«ጋሼ፣ ይኼ ስልክ አልተበላሸም» አለኝ።

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

«ደክሞት ነው። እርስዎ አፕ ከፍተው ሲወጡ የተዘጋ ይመስልዎታል። አልተዘጋም። ከኋላ ሆኖ ይሠራል። ይኼ እርምጃ ይቆጥራል። ይኼ በየደቂቃው የት እንዳሉ ይጠይቃል። ይኼኛው ኢንተርኔት እየገባ የኳስ ውጤት ያመጣል። ሁሉም ባንድ ላይ ከባትሪዎ ይበላሉ።»

«ሳላዛቸው?»

«ሳያዟቸው።»

«ሌባ ናቸው በለኛ!»

«አይ፣ ሠራተኛ ናቸው። በዝተው ነው እንጂ።»

ሜሞሪ ካርዱን አሳየሁት፤ እንዴት ትልቅ እንደሆነ ነገርኩት። ሳቁን ዋጠና፣ «ጋሼ፣ ሱቅዎ ውስጥ ዕቃ ቤት አለዎት አይደል? ባንኮኒም አለዎት። ይኼ ካርድ ዕቃ ቤት ነው። የሞላብዎት ባንኮኒው ነው፤ ራም የምንለው። ዕቃ ቤትዎን እጥፍ ቢያደርጉት፣ አርባ ሰባት ጣቃ ጨርቅ ባንኮኒው ላይ ተዘርግቶ እያለ ለደንበኛ አንድ ሜትር የሚለኩበት ቦታ ከየት ያገኛሉ?» አለኝ።

ይኼ ገባኝ። እንደገባኝ ግን አላሳየሁትም።

«እኔ እኮ በጣቴ እየጠረግሁ ሳስወጣቸው ነው የምውለው» አልኩት።

«እሱ ነው የባሰው! ብዙዎቹን ያስወጧቸዋል፣ ዞረው ይገባሉ። እንደ አዲስ በተነሱ ቁጥር ደግሞ ተቀምጠው ከሚበሉት ይበልጥ ይበላሉ። ሦስቱ ማጽጃዎችማ እርስ በርስ ሲገፈታተሩ ነው የሚውሉት። የማይፈልጓቸውን ከሥራቸው ነቅለን እናጥፋቸው። አሥር ይበቃዎታል።» ጣቱን ወደ እርምጃ ቆጣሪው ሰደደ።

«እጅህን ሰብስብ!» አልኩት። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ዞር አሉ። «እሱ የእህቴ ልጅ ነው ያስገባልኝ!»

«እሺ ይኼ የአየር ጠባይ ...»

«የሚስቴ ነው!»

«የኳሱስ?»

«የጎረቤት ነው! ጎረቤት ታስወጣለህ አንተ?»

«ጋሼ፣ እስከ እሑድ ብቻ እናጥፋቸውና ሰኞ መልሰው ይጫኗቸው። ትልቅ ጉዳይ አለብኝ አላሉኝም?»

«አንድ ጊዜ ከደጅህ ያባረርከው ዘመድ ሲመለስ ፊቱ እንደ በፊቱ አይሆንም» አልኩትና ስልኬን ነጥቄ ወጣሁ። እንዴት ያለ ንግግር እንደተናገርኩ እስከ ቅዳሜ ገበያ ድረስ ለራሴ እየደገምኩት ሄድኩ። ጎረቤቴ ጉዳዩን ሲሰማ አዝኖልኝ ባትሪ የሚቆጥብ አፕ ጫነልኝ። አርባ ስምንተኛው መሆኑ ነው።

ቅዳሜ ማታ ስልኬን ቻርጅ ሰክቼ ተኛሁ። እሑድ ጠዋት ስነሳ መቶ ብሏል፤ «አልሐምዱሊላህ» ብዬ ነቀልኩት። ፊቴን ታጥቤ እንኳ ሳልጨርስ መብራት ጠፋ። ሰፈሩ ሙሉ ጠፋ። መብራት በሌለበት እሑድ ስልክ የሚበላው ያደረበትን ነው።

እትዬ ከድጃ በሦስት ሰዓት ልጇን አስከትላ መጣች። የክት ልብሷን ለብሳለች። ስልኩን መሶብ ላይ አስቀመጥነውና ዙሪያውን ከበብነው። ባትሪው ሰባ ስምንት ይላል።

«ምነው ይኼን ያህል ጎደለ?» አለች።

«ተይው፣ ገና ነው» አልኳት።

በየሁለት ደቂቃው እያበራሁ አየዋለሁ። ሳበራው ደግሞ ይጎድላል። ጎደለ ብዬ ስደነግጥ ደግሞ አበራዋለሁ። የአየር ጠባዩ ብቅ ብሎ «ዛሬ ይዘንባል» አለ፤ ውጭ ፀሐዩ ድንጋይ ይሰነጥቃል። ባትሪ ቆጣቢው በየአሥር ደቂቃው እየጮኸ «ባትሪዎ እየቀነሰ ነው» ይለኛል፤ በጮኸ ቁጥር አንድ ይቀንሳል። የኳሱ ደግሞ ከየት አገር እንደሆነ የማላውቀው ቡድን ጎል ማግባቱን በፉጨት አበሠረን። እትዬ ከድጃ ደዋይ መስሏት ደረቷን ያዘች።

አምስት ሰዓት ላይ ሠላሳ አንድ ነበር።

«አጎቴ» አለ ጀማል ቀስ ብሎ፣ «ሲም ካርዱን አውጥተን በኔ ስልክ ብናስገባውስ? የኔ ደህና ቻርጅ አለው።»

ጥሩ ሐሳብ ነበር። አሁን ሳስበው በጣም ጥሩ ሐሳብ ነበር። ግን እኮ ያንን ሁሉ የተናገርኩት በዚህ ስልክ ነው! አያ ሰይድ ፊት ብድግ አድርጌ ያሳየሁት ይኼንን ነው! ዛሬ በሰው ስልክ ባነሳው ከራሴ ጋር እንዴት እስማማለሁ?

«አያስፈልግም» አልኩ።

«ኧረ በአላህ!» አለች እህቴ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል ሲባል አልሰማህም?»

«አንድ ጽኑ ባላ ይበቃል።»

«ጽኑው ባላ አሥራ ዘጠኝ ላይ ነው!»

የዙሁር አዛን ተጠራ፤ የጃካርታው ሳይሆን የኛው። ሰግደን ስንነሳ ባትሪው ስድስት ይላል። እህቴ መሐረቧን አውጥታ ማልቀስ ጀመረች። ድምፅ የላትም፤ እንባዋ ብቻ ነው የሚወርደው። ጀማል ግድግዳውን ያያል። የወንድነት ነገር መስሎኝ የያዝኩት የልጁ ዕድል መሆኑ የታየኝ ያን ጊዜ ነው። «እሺ! እሺ አውጡት!» ብዬ ጮኽኩ።

ሲም ካርድ ማውጫዋ መርፌ የለችም። ራሕመት የጆሮ ጉትቻዋን አውልቃ ሰጠችን። ጀማል በጉትቻው ጫፍ ቀዳዳዋን ገፋ፤ አልወጣ አለ። «አምጣ ወዲህ፣ አንተ ደም ብቻ ነው የምታውቀው» አልኩና ተቀበልኩት። በኃይል ገፋሁት። መሳቢያዋ ተስፈንጥራ ወጣች፣ ሲሟም አብራ ዘለለች።

ቤታችን የጣሊያን ጊዜ ቤት ነው። ወለሉ ጣውላ ነው፤ በጣውላና በጣውላ መሃል ጣት የማያስገባ፣ ሲም ካርድ ግን በደንብ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። ሁላችንም አየናት። ቆመች፣ ትንሽ አሰበች መሰለኝ፣ ከዚያ ገባች። እላዩ ላይ በሆዴ ተኝቼ በአንድ ዓይኔ አየሁ፤ ጨለማ ነው። ስልኩም መሶቡ ላይ እንዳለ ራሱን አጠፋ።

በጀማል ስልክ አያ ሰይድን ደጋግመን ሞከርን፤ አይገኙም። ጉብታው ላይ ካልሆኑ አይገኙም፤ ጉብታው ላይ ከሆኑም የሚደውሉት ወለሌ ሥር ላለችው ሲም ነው። ዘሐራም እሑድ እሑድ እቤተሰቧ ናት፤ እሷም አትገኝም።

«ጨረስከው» አለችኝ እህቴ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ጎረቤት ቅር እንዳይለው ብለህ የልጄን ነገር ጨረስከው።»

አፈርኩ። ሲያፍሩ ቁጭ ማለት ደግሞ አልችልበትም።

«ሳንጃ እሄዳለሁ» አልኩ።

«አሁን?»

«አሁን። በእግሬም ቢሆን።»

በእግሬ አልሆነም፤ መናኸሪያ ስደርስ ሊሞላ አንድ ሰው የቀረው ሚኒባስ አገኘሁ። ሁለቱን ሽማግሌዎች ልጥራ ብልም ጊዜ የለም፤ ቢኖርም የሚመጡልኝ አይመስለኝም። ደጋውን ለቀን ወደ ቆላው ስንወርድ ኮቴን አወለቅሁ፣ ቀጥሎ ሹራቤን፣ ቀጥሎ ኩራቴን። ሳንጃ ወርጄ እስከ መንደራቸው ያለውን በዚያ ሙቀት ስራመድ ምን እንደምላቸው አሰብኩ። ኔትወርኩ ላይ ላሳብብ? ዝግጁ ሰበብ ነው፤ ሁሉም ያምናል። መብራት ላይ ላሳብብ? እሱም እውነትነት አለው። ጀማል ታሞ ነበር ልበል? አስቡት፣ እዚያ ድረስ ሄጄ ነበር።

አያ ሰይድ ደጃፋቸው ላይ ሆነው የሰሊጥ ጆንያ ይሰፋሉ። ከሩቅ አዩኝ። መስፊያውን ጆንያው ላይ ሰክተው ተነሱ።

«ሰላም ዐለይኩም» አልኩ።

«ወዐለይኩም ሰላም። ይግቡ።» ገባሁ። ቁርበት የለበሰውን መደብ አሳዩኝ። «ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም።»

ይቅርታ ሊለምን የመጣ ሽማግሌ ልመናው ካልተፈጸመለት አይቀመጥም፤ ይኼንን እሳቸውም ያውቃሉ።

«እንግዲያስ ውሃ ይጠጡ።»

«አልጠጣም።» ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል።

«ምነው ብቻዎን?»

«ብቻዬን ስላጠፋሁ።» ያሰብኩት ውሸት ሁሉ የት እንደገባ እንጃ። «አያ ሰይድ፣ ስልኬን የገደልኩት እኔ ነኝ። ስልክ ጠጋኙ መከረኝ፣ አልሰማሁም። እህቴ ለመነችኝ፣ አልሰማሁም። ልጁ አላጠፋም። ጀማል ምስኪን ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ ልጅዎን ይወዳል። በኔ እልኸኝነት እሱን አይቅጡት። እምቢ ካሉኝም አልሄድም፤ እዚህ እንደቆምኩ አድራለሁ፣ ነገም ቆሜ እውላለሁ። እልኸኛ መሆኔን ነግሬዎታለሁ።»

አያ ሰይድ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ከመጋረጃው ወዲያ የነበረው የዕቃ ድምፅ ቆመ፤ ዘሐራ እንደምትሰማ ገባኝ።

«ሦስት ጊዜ ደወልኩ» አሉ። «ሦስት ጊዜ በዚህ ፀሐይ ጉብታውን ወጣሁ። ያቺ ሴትዮ ናት የምታነሳው፣ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልቻልንም የምትለው። ለሷ ነግሬ ልወርድ አልኩና ተውኩት። የልጄን ነገር ለማላውቃት ሴት አልናገርም።»

«ምን ሊሉኝ ነበር?»

«እምቢ።»

እሳቸው ቀጠሉ።

«መልሱን በስልክ ንገሩኝ ያሉኝ ዕለት ነው ልቤ የሻከረው። እናንተ የጠየቃችሁኝ ልጅ ነው፤ በስልክ የሚነገረው የሰሊጥ ዋጋ ነው። ዛሬ ሊወስዷት መምጣት የደከማቸው ሰዎች፣ ነገ ስትታመም ስታዝን ማን ይመጣላታል ብዬ አሰብኩ። ዘመዶቼም እንደኔው አሉ። ስልክ ላይ እምቢ ማለት ቀላል ነው፤ ፊት አይታይም። ጉብታው ላይ የወጣሁት ጨርሼ ልወርድ ነበር።»

«አሁንስ?» አልኩ።

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። አቧራ የለበሰ ጫማዬንና ክንዴ ላይ የተንጠለጠለውን ኮት አዩ። ፊታቸው ቀስ እያለ ሲፈታ አየሁት። ከዚያ ድንገት አንቱታው ቀረ።

«አሁንማ እንዴት ብዬ እምቢ ልበልህ? ይኸው ፊቴ ቆመሃል» አሉኝ። «ስልኩን አንስተኸው ቢሆን ኖሮ አልቆ ነበር። በል ቁጭ በል።»

ተቀመጥኩ።